ለሐኪም ተማሪዋ ብዬ የጠጣሁት ተልባ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውሰውም። ባለቤቴን ሐዋን ብትጠይቋት «የጎሊና ወንዝ ሞልቶ የታችኛውን ማሳ የወሰደ ዓመት ነው» ትላለች፤ ለእኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል። ቆቦን ባጃጅ እንደ ንብ ሳይወራት በፊት፣ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ በፈረስ ጋሪ የምንሄድበት፣ ባለ ጋሪው ከፈረሱ ጋር እየተጨቃጨቀ የሚያስቀን ዘመን ነበር። ወሩን ግን አልረሳውም። ማሽላው አሽቶ፣ ሜዳው ሁሉ ወፍ በሚጠብቅ ሰው ጩኸት የሚሞላበት ወር ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ አስፋልት ስንት ነገር አለፈ! እሱን ሌላ ሰው ይጻፈው።

ነገሩን ያነሳብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ዝሁር ሰግጄ ስመለስ፣ ከመስጊዱ በታች ባለችው ጠባብ መንገድ አንዲት ጎረቤታችን ደጇ ላይ ተልባ ትቆላለች። የሚቆላ ተልባ ሽታውን ታውቁታላችሁ፤ ዘይት ዘይት ይላል፣ ትንሽ ያረረ ነገር አለበት፣ አፍንጫ ላይ ይቆያል። እግሬ ባለበት ቆመ። ሌላው ሰው ይህን ሲያሸት የእናቱ ቤት ይታየው ይሆናል፤ እኔን ደሴ ወስዶ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ክፍል አስገብቶ፣ በግራ ጎኔ ያስተኛኛል። ሴትዮዋ መቆሜን አይታ «አባ ይመር፣ ልበጥብጥልዎት?» አለችኝ። «የለም ልጄ፣ እኔና ተልባ ታርቀናል፤ ግን አብረን አንቀመጥም» ብያት አለፍኩ። ሳቀች፤ ምን ማለቴ እንደሆነ ግን አልገባትም። እንዲገባት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ እሱም ግማሹን እያንቀላፋሁ፤ እጄም ቀርፋፋ ነው። ታገሡኝ።

ያኔ ሆዴ ከድቶኝ ነበር። የበላሁት አልወርድ ይላል፤ ጠዋት የቀመስኩትን ማታ ይመልሰዋል። ከመክሳቴ የተነሳ ሽርጤ ወገቤ ላይ አልቆም ብሎ በሲባጎ እስከማስረው ደረስኩ። አንድ ቀን ደግሞ ያስመለስኩት ነገር ጥቁር ሆኖ የቡና አተላ መሰለ። ሐዋ አይታ አፈር አልብሳው ገባች። ምን እንዳሰበች አውቄዋለሁ። ታላቅ ወንድሜ እንዲሁ ጀምሮት ነው የሞተው። እሱ ሐኪም አላየውም፤ ምን እንደገደለው እስከ ዛሬ አናውቅም። ሞትን ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም፤ ከሞት ይልቅ ግን እንደ ወንድሜ ሳላውቀው መሞቱ ያንገበግበኝ ነበር።

የቆቦው ሐኪም ሆዴን ነካክቶ «ይሄ በጉሮሮ ካሜራ ገብቶ መታየት አለበት» ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ። ቅጥቅጥ የምንለው አውቶቡስ ላይ ወጣን፣ ሐዋና እኔ። እስከ ደሴ የከፈልነው ዛሬ አንድ ኪሎ ሽንኩርት አይገዛም። አዲሱን ሽርጤን አገልድሜ፣ ነጭ ኩታ ደርቤ፣ ኮንጎ ጫማዬን አጥቤ ነው የሄድኩት፤ ሐኪም ፊት በቆሻሻ አይቀረብም ብዬ። ሾፌሩ አምባሰል በማሲንቆ የተቀዳበት ካሴት ነበረው፤ አንዱ ጎን ሲያልቅ ራሱ ገልብጦ ያስገባዋል። ካሴቱ ወልድያ ላይ አንዴ፣ ሐይቅ ላይ አንዴ ሲገለበጥ ትዝ ይለኛል። መርሳ ላይ ብርቱካን በመስኮት ሸጡልን፤ ሰው ሁሉ ሲልጥ ሽታው ብቻ ደረሰኝ። አሁን ልጆቻችን ያን መንገድ በሚኒባስ እየበረሩ ያልፉታል፤ ዘፈኑም ከስልካቸው ነው። የእኛን ያህል ግን መንገዱን አያውቁትም።

ደሴ ብርድ ናት። የቆላ ሰው ጦሳ ተራራ ሥር ሲያድር አጥንቱ ይናገራል። ሐኪም ቤቱ ውስጥ አልጋ ሰጡኝ፤ ሐዋ ከሥሬ ሰሌን አነጠፈች። በማግስቱ ጠዋት አንዲት ሐኪም ልጅ መጣች። ነጭ ጋዋኗ ሁለተኛው ቁልፍ የለውም፤ በመርፌ ቁልፍ አያይዛዋለች። ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ ወደ ኋላ አስራዋለች። ሁሉም «ዶክተር» ይሏታል፤ እሷ ግን «እኔ ገና ተማሪ ነኝ አባባ፣ ካሜራውን እየተማርኩ ነው» አለችኝ።

«ልጄ፣» አልኳት፣ «ካሜራው የሚገባው ከነ ፎቶ አንሺው ነው?»

«ፎቶ አንሺው ውጭ ይቀራል አባባ» አለችና ሳቀች። ከዚያ ወስዳ አሳየችኝ። እጥፍጥፍ ብሎ የተሰቀለ ጥቁር ቱቦ ነው፤ ውፍረቱ የትንሽ ጣቴን ያክላል፣ ርዝመቱ ግን ከቁመቴ አይተናነስም።

«ይሄማ የግመል መጎተቻ ነው!» አልኩ። «ከዋጃ እስከ አፋር ድረስ ግመል ነድቻለሁ፤ ግመልም ቢሆን ገመዱን አፍንጫው ላይ ነው የምናስርለት እንጂ አናስውጠውም። ሐዋ፣ ተነሺ፣ አገራችን እንግባ።»

ልጅቷ አልተከራከረችኝም። «ነገ አስተማሪያችን ያለማምደናል፤ መጥተው ይዩ። ካዩ በኋላ እንቢ ካሉ የመውጫ ወረቀትዎን እኔ ራሴ አስጨርስልዎታለሁ» አለች። ሰው እንዲህ ሲለኝ ደስ ይለኛል። ሄድኩ።

አስተማሪያቸው በዕድሜ የታናሽ ወንድሜ ያህል ነው። ቀጭን፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው። ተማሪዎቹ እንዲሰሙት መጠጋት አለባቸው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ተጠግተውት ይቆማሉ። በእጁ የሠራውን ሆድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧል። ሆዱ ምን መሰላችሁ? ቢጫ የዘይት ጀሪካን! በአፉ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ቁራጭ ሰክቶበታል፤ እሱ ጉሮሮ መሆኑ ነው። ውስጡ የልብስ ቁልፎች ለጥፏል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ። አርጅቶ ለሰው መዋሉ የቀረ ቱቦ አለ፤ ተማሪው እሱን በጎማው አስገብቶ፣ ቴሌቪዥኑን እያየ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈልጎ ቀለማቸውን መጥራት አለበት።

«ቀኝ እጅ ይገፋል፣ ግራ እጅ ይነዳል» ይላል አስተማሪው። ግራ እጅ ላይ ሁለት ትንንሽ ጎማዎች አሉ፤ አውራ ጣት ስታዞራቸው የቱቦው ራስ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። እጀታው ላይ ካሉት ሁለት መጫኛዎች አንዱን ሲጫኑት ነፋስ ይነፋል፣ የታጠፈው ይከፈታል። ሌላው ይመጥጣል፣ የቆሸሸውን ይስባል። አንድ ረጅም ወጣት መጀመሪያ ያዘ። ገፋ፣ ገፋ፣ ቆመ።

«ምን ይታይሃል?»

«ምንም፤ ቢጫ ብቻ።»

«ቢጫ ብቻ ከታየህ ግድግዳ ላይ ተደግፈሃል። ወደ ኋላ። መንገድ የጠፋበት ሰው ወደ ኋላ ይመለሳል እንጂ አይገፋም። ሳታዩ አትግፉ፤ ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ይበቃኛል።»

ሳላስበው «ሐቅ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። አፈርኩ። አስተማሪው ግን «እንዴት አባባ?» አለኝ፣ ከልቡ። እኔም ነገርኩት። እኛ ራያዎች ክረምት ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈን ነው ማሽላ የምናበቅለው። ጎርፍ ሲመጣ ደፋሩ ሰው ቦዩን ዘሎ ይከፍትና ማሳውን ከነአፈሩ ይሸኘዋል። የሚያውቀው ሰው ቆሞ ያያል፤ ውኃው የት እንደሚያዘነብል አይቶ ነው አፈር የሚቆርሰው። «ይኸው ነው» አለ አስተማሪው፤ «በሉ አባባ፣ ይምጡ ይሞክሩ።» ቱቦውን አስያዘኝ። አውራ ጣቴ መጀመሪያ አልታዘዝ አለችኝ፤ ኋላ ቀስ ብዬ ሳዞራት ቢጫው ገለል አለና ጉድጓዱ ተከፈተ። ወዲያው ሰማያዊዋ ቁልፍ እንደ ጨረቃ ብቅ አለች። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እዚያ ክፍል የምትሠራ አንዲት ጎልማሳ ነርስ ነበረች፤ ሁሉም ሲስተር ይሏታል፤ ምላሷ የተሳለ ነው። «ዶክተር ይመር፣ ነገ ተረኛ አንተ ነህ!» አለችኝ። ወደ ወንበሬ ስመለስ ፍርሃቴ ግማሹ የለም።

ሌላም ነገር አይቼ ነው የደነቀኝ። ጉሮሮ የሚያደነዝዝ የሚነፋ መድኃኒት አለ። አስተማሪው እያንዳንዱን ተማሪ አፉን አስከፍቶ ነፋበት። ፊታቸው ሲጨማደድ፣ ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው ሲንተባተቡ ዝም ብሎ አያቸውና «አሁን የምትነኩት ሰው ምን እንደሚሰማው አወቃችሁ» አላቸው። ከዚያ በፊት መምህር ብዬ የማውቀው ዱላ የያዘውን ነበር።

ከሰዓት በኋላ አልጋዬ ድረስ መጥቶ ዳር ላይ ተቀመጠ። «አባባ፣ ነገ ይህች ልጅ ትጀምር ዘንድ ይፈቅዱላታል? በሰው ላይ የመጀመሪያዋ ነው። እጄ ከእጇ አይርቅም። እኔ ብቻ እንድሆን ከፈለጉም መብትዎ ነው፤ እሷም አትቀየምም።»

«እኔ ጎርፍ መጥለፍ የተማርኩት በአባቴ ማሳ ላይ ነው» አልኩት። «የመጀመሪያውን ዓመት ግማሹን ማሳ ደለል አልብሼዋለሁ። አባቴ አልተቆጣም። ትጀምር።»

ልጅቷ ከኋላው ቆማ ነበር፤ ዓይኗ ውኃ ሞላ። ከዚያ ወረቀት ይዛ ደጋግማ ነገረችኝ፤ ከማታ ጀምሮ ምግብ የለም፣ ውኃም የለም። እሺ አልኳት። ስትወጣ ግን በሩ አጠገብ ለሲስተር የነገረቻትን ሰማሁ። «ጀሪካኑ አይውጥም፣ አያቅለሸልሸውም፤ አባባ ግን ሰው ናቸው። ጉሮሯቸው ላይ አልገባ ቢለኝስ? እጄን እዪው» አለች። እጇን ወደ ሲስተር ዘረጋች። እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል።

ይህን ያየ ሰው ምን ያደርጋል? እኔ እንደማውቀው አደረግሁ። ቦይ ደርቆ የከረመ እንደሆነ፣ ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት ትንሽ ውኃ ይለቀቅበታል፤ ካልረጠበ ውኃውን ይውጠዋል፣ ይሰነጠቃል። ጉሮሮዬም ደረቅ ነው። ሐዋ ደግሞ ለሆዴ ይበጃል ብላ የተወቀጠ ተልባ በከረጢት ከቆቦ ይዛ መጥታለች። ከተልባ የበለጠ የሚያለሰልስ ምን አለ? ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰገድኩና ቀሰቀስኳት።

«ሐዋ፣ እስቲ ተልባ በጥብጪልኝ። ወፈር አርጊው።»

«ምን ሆነሃል አንተ ሰው! ምንም እንዳትቀምስ አልተባልክም?»

«ምግብ አትብላ፣ ውኃ አትጠጣ ነው ያለችኝ። ተልባ ምግብ ነው?»

«አይደለም።»

«ውኃ ነው?»

«ውኃ አለበት እንጂ...»

«በቃ። ይሄ ቅባት ነው። ልጅቷ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ መንገዱን ላለስልስላት።»

ሐዋ እያጉረመረመች በፔርሙዝ ክዳን ሞልታ ሰጠችኝ። ደግሜ ሞላሁ። ልጨምርበት ሁሉ ፈልጌ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ የክዳኑን ግጥም አድርጌ ስመልስላት ተማሪዋ ከበር እየገባች ነበርና አፌን በኩታዬ ጠረግሁ። ለምን ጠረግሁት? ደግ ነገር የሠራ ሰው አፉን ደብቆ አይጠርግም። ልቤ አንድ ነገር ጠርጥሯል ማለት ነው። «አባባ፣ ከማታ ጀምሮ ምግብ፣ ውኃ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

በግራ ጎኔ አስተኙኝ። የሚነፋው መድኃኒት መረረኝ፤ ወዲያው ከንፈሬ የሌላ ሰው ሆነ። ቱቦውን እንዳልነክሰው መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ፕላስቲክ ጥርሴ መሐል አኖሩ። ተማሪዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ይንሾካሾካሉ፤ ሲስተር «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ! ዝም በሉ» ብላ ተቆጣቻቸው። ተልባ የሚለውን ስሰማ ዓይኔን ጨፈንኩ። ልጅቷ «ይዋጡ አባባ» አለች፤ ዋጥኩ። ገባ። እውነትም ገባ፣ እንደ ፈሰሰ ገባ! በልቤ «የኔ ሥራ ነው» አልኩ።

ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለች። ቴሌቪዥኑ ከፊት ለፊቴ ነው፤ እኔም አየሁት። ሆዴ የለም፤ ግድግዳው፣ ጉድጓዱ የለም። ቡናማ ዝልግልግ ነገር ብቻ፣ በውስጡ ቅርፊት ይዋኛል። ለመምጠጥ ሞከረች፤ ቱቦው ተደፈነ። ታጥቦ አይታጠብ ነገር፣ ተልባ ነዋ! ወዲያው ሆዴ ተገላበጠ፣ ትን አለኝ፣ ትንፋሼ ተያዘ።

«አቁሚ» አለ አስተማሪው። ድምፁ ያን ጊዜም አልጨመረም። «ቀስ ብለሽ ውጪ። ሲስተር፣ ራሳቸውን ዝቅ።» ቱቦው ወጣ። ሲስተር አፌን ጠራረገች፤ ሳልኩ፣ ሳልኩ፣ ዳንኩ።

አስተማሪው ጓንቱን አወለቀ። «ሆዳቸው ሙሉ ነው። ምን ጠየቅሻቸው?»

«ጠይቄያለሁ ዶክተር። ምግብም ውኃም።»

«ከጠየቅሽ ይሄ ከየት መጣ? ወደ ሳንባቸው ገብቶ ቢሆን ኖሮ አሁን የምናወራው ሌላ ነበር። ሳትጠይቂ ጠየቅሁ ማለት ከዚህ ይብሳል። ይቅርብሽ፤ በዚህ ዙር ቱቦውን አትይዢም።»

ልጅቷ ቱቦውን ለሲስተር አስረከበች። እጇ አሁን አይንቀጠቀጥም፤ ሁለቱም ዝም ብለው ተንጠልጥለዋል። ወደ እኔም አልተመለከተችም። «ምንም ብለውኝ ነበር» ማለት ትችል ነበር እኮ! አላለችም። ሽማግሌ ዋሾ ነው ማለት ከብዷት ነው። እዚያች ሰሌዳ የምታክል አልጋ ላይ ተኝቼ የሆንኩትን ልነግራችሁ አልችልም። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ጢሜ ነጭ ነው፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ቆቦ ላይ ሰው አስታርቃለሁ፤ ሰው ቃሌን ይቀበላል። ያንን ሁሉ ይዤ ልተኛ? የልጅቷ ነገርስ?

ተነስቼ ተቀመጥኩ። ልናገር ስል ምላሴ ደንዝዟል። «ተ... ተእባ» አልኩ።

«ምን አሉ?»

«ተእባ! እኔ... ጠጣሁ... ተእባ!»

ረጅሙ ወጣት ሳቁ አመለጠው፤ ሁሉም ተከተሉት፤ ሲስተር ግድግዳ ይዛ ሳቀች። እኔ ግን እንባዬ መጣ። አስተማሪው እጁን አንስቶ ጸጥ አሰኛቸውና ወንበር ስቦ ፊቴ ተቀመጠ፤ ምላሴ እስኪመለስ ጠበቀኝ። ነገርኩት ሁሉንም፣ የእጇን መንቀጥቀጥ፣ የደረቀውን ቦይ፣ የፔርሙዙን ክዳን፣ አፌን የጠረግሁበትን ኩታ። «መንገዱን ላለስልስላት ብዬ ነው። ጠይቃኛለች። ምንም ያልኩት እኔ ነኝ። ቅጣቱ የእኔ ነው» አልኩ።

አስተማሪው ሰምቶ ጨረሰ። ከዚያ ተነሳና ወደ ልጅቷ ዞረ። እዚያው፣ በተማሪዎቹ መሐል፣ «ጠይቀሻል። ሳላጣራ ወቀስኩሽ፤ ሳላይ ገፋሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። እንዲህ ነው ያለው። ጆሮዬን ነው የተጠራጠርኩት። በዘመኔ ብዙ ትልልቅ ሰዎች አይቻለሁ፤ ባለ ጠመንጃ፣ ባለ መኪና፣ ባለ ማኅተም። ከበታቹ ያለ ልጅ ፊት ሰው እየሰማ ይቅርታ የጠየቀ ያየሁት እሱን ነው። ቀጥሎ ለሁሉም «ጻፉ» አለ። «የሀገራችን ሰው ምግብ ስትሉት እንጀራ ነው የሚታየው። ተልባ፣ አብሽ፣ ማር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ እያላችሁ በየስሙ ጠይቁ። ዛሬ አባባ አስተማሩን።» ሁሉም አቀርቅረው ሲጽፉ አየሁ። ተልባዬ ደብተር ላይ ሰፈረች።

ሆዴን ለማጠብ በአፍንጫዬ ቀጭን ቱቦ አገቡ፤ ያ ደግሞ የራሱ ፍዳ ነበር፤ የግመሉ ዕጣ ደረሰኝ። ሐዋ ከበሩ ሆና «በአፍንጫ ነው የሚታሰር ያልክ አንተ አይደለህ?» አለችኝ፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም። ከሁለት ቀን በኋላ አስተማሪው መጣና «አሁን እኔ ልሥራው፤ ደክመዋል» አለ።

«እሷ ካልያዘችው አፌን አልከፍትም» አልኩት።

«አባባ፣ እልህ ነው?»

«እልህ አይደለም። በእኔ የተነሳ የወደቀች በእኔ ላይ ትነሳ።»

ልጅቷን አያት። እሷም እኔን አየችኝ። «አባባ፣ ዛሬስ?» አለች። «ተልባ የለም፣ አብሽ የለም፣ ማር የለም፣ ጥቁር አዝሙድ የለም፣ ምራቄንም በግድ ነው የምውጠው» አልኳት።

ያን ቀን ቱቦው እንደ መጀመሪያው አልፈሰሰም። ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ያዘኝ፤ አቅለሸለሸኝ፣ ዓይኔ ፈጠጠ፣ የምሞት መሰለኝ። እጄ ሳላዘው ሄዶ ቱቦውን ጨበጠ። ሁሉም «ይልቀቁ! ይልቀቁ!» አሉ። እሷ ግን ቆመች። አልገፋችም፣ አልሳበችም። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «ቆሜያለሁ አባባ። እርስዎ ሳይሉኝ አልሄድም። በአፍንጫዎ ይተንፍሱ። ሲችሉ አንድ ጣት ያንሱልኝ» አለችኝ። የአስተማሪውም እጁ ከእጇ ላይ ነበር፣ ነገር ግን አልቸኮለም። ተነፈስኩ። እጄን ለቀቅሁ። ትንሽ ቆየሁና ጣቴን አነሳሁ። ሄደች። ደግሞ ሲይዘኝ ጣቴን አጠፍኩ፤ ቆመች። እንዲህ እንዲህ እያልን ሆዴ ድረስ ወረድን። ነጂዋ እሷ ነበረች፤ ጌታው ግን እኔ።

ሆዴንም አየሁት። ሮዝ ነው፣ የተጣጠፈ፣ የታረሰ ማሳ ይመስላል። ሱብሐናላህ! ሥሩ ላይ ምግብ ወደ አንጀት የሚያልፍባት ትንሽ በር አለች፤ እንደ ዓይን ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። የእኔዋ አጠገቧ ነጭ ቁስል ተቀምጦባት አብጣ ጠባለች። አስተማሪው በዝግታ ያሳያቸዋል። በቀጭን መቆንጠጫ ከዳሩ ጥቂት ጥቂት ቆረሱለት፤ አላመመኝም። «አሁን ደግሞ ስትወጪ ነው ዋናው ማየት» አላት፤ ልጅቷም እያንዳንዷን እጥፋት እያየች፣ ቀስ ብላ ወጣች። ቱቦው ከአፌ ሲወጣ ተማሪዎቹ አላጨበጨቡም፤ ረጅሙ ወጣት ብቻ «እፎይ» አለ፣ እሱ የዋጠው ይመስል።

የተቆረሰው ነገር ተመርምሮ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ግድም እዚያው ደሴ የሐዋ ዘመዶች ቤት ሰነበትን። በዚያ ሰሞን የበላሁት አይታወሰኝም፤ በየሶላቱ ወንድሜን ማሰቤን ብቻ አውቃለሁ። ውጤቱ የመጣ ዕለት አስተማሪውና ልጅቷ አብረው ጠበቁኝ። እንድትናገር ለእሷ ተወላት። «አባባ፣ የፈራነው ክፉው ነገር የለም። ቁስል ነው። በኪኒን ይድናል፤ ሲድን በሩም ይከፈታል» አለች። ሐዋ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ሐኪም ቤት መሆኑን አስታውሳ በነጠላዋ ያዘችው። እኔ «አልሀምዱሊላህ» ማለት እንኳ ቆይቶ ነው የመጣልኝ።

ከዚያ አስተማሪውን «ወንድሜም ይሄው ነበር? በኪኒን ይድን ነበር?» አልኩት። ሐኪም ነው፤ ደስ የሚለኝን ሊለኝ ይችል ነበር፣ ወይም የሚያሳዝነኝን። ትከሻዬን ያዘና «አላየኋቸውም አባባ። ያላየሁትን አልናገርም» አለኝ። ይህን መልስ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

ኪኒኑን ጨረስኩ፤ በሩም ተከፈተ፤ ይኸው የማሽላ እንጀራ እየበላሁ አርጅቻለሁ። ያን ዕለት ግን ልንወጣ ስንል ልጅቷን ጠራኋት። እኛ ዘንድ ለሰው ዱዓ የሚደረገው በስሙና በእናቱ ስም ነው፤ «ዶክተር» ተብሎ ዱዓ አይደረግም፤ ስንቱ ዶክተር ነው! ያን ሁሉ ቀን ጉሮሮዬን ሰጥቻት ስሟን አልጠየቅኋትም ነበር። ክርስቲያን መሆኗን በአንገቷ ክር አውቃለሁ፤ ደግ ልብን ፈጣሪ ያውቀዋል። «ስምሽን ንገሪኝ፤ የእናትሽንም» አልኳት። አቀርቅራ ነገረችኝ። ኮሪደሩ ላይ እጄን ዘርግቼ ዱዓ አደረግሁላት፤ ሐዋ «አሚን» አለች፣ አስተማሪውም «አሜን» አለ። አሁን የት እንዳለች አላውቅም። ከሱብሂ በኋላ የሞቱብኝንና ያሉልኝን በየስማቸው ስጠራ ግን እሷን ዘልያት አላውቅም፤ ጣቴን እስካነሳ ድረስ ቆማ የጠበቀችኝ መቅደስ፣ የአስካለ ልጅ።